በአባት ስም የተመዘነ ጥጥ

የታችኛው አዋሽ ታሪክ ሲነሣ የሚጠሩት ስሞች የታወቁ ናቸው። ወንዙ ራሱ፣ የአውሳው ሱልጣን ዓሊ ሚራሕ ሐንፈሬ፣ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን፣ የቆቃ ግድብ፣ ቀጥሎ ደርግና የመንግሥት እርሻ፣ በመጨረሻም የተንዳሆ ስኳር። በክፍልም ሆነ ከክፍል ውጭ ስንከራከር የምንጠይቀው መሬቱ የማን ነበር፣ ትርፉስ ወዴት ሄደ ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። "ጥጡን ማን ለቀመው?" ሲባል ግን ሁላችንም ባንድ አፍ "ወዝ አደሩ" ብለን እናልፋለን። ወዝ አደር ስንል ደግሞ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ክንዱ የፈረጠመ ጎልማሳ ነው፤ በድሮ የሰልፍ ሥዕል ላይ እንደምናየው መዶሻ ወይም ማጭድ የጨበጠ። ለጥጥ ለቀማ ግን መዶሻም ማጭድም አያስፈልግም። ጥጥ የሚለቀመው በጣት ነው፤ ጣት ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅም አለው።

እዚህ ልንመለከት የፈለግነው ከደጋ ወደ ዱብቲና ወደ ሌሎቹ የአዋሽ የጥጥ እርሻዎች ከወላጆቻቸው ጋር ይወርዱ የነበሩትን ልጆች ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። እነዚህ ልጆች ከታሪክ የጠፉት ጸሐፊ ስለ ረሳቸው ብቻ አይደለም፤ የእርሻው አከፋፈል ራሱ ልጁ እንዳይታይ ሆኖ ስለ ተዘረጋ ጭምር ነው።

በመጀመሪያ እርሻው እንዴት እንደ መጣ እንይ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነው። የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱንና ግመሉን ይዞ የሚጠጋው ወንዙ በክረምት ሞልቶ ያጠጣው ሜዳ ላይ ነበር። በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በላይኛው አዋሽ፣ በወንጂ፣ ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1952 የቆቃ ግድብ ተሠርቶ አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ የወንዙን ውኃ መያዝና መልቀቅ የሰው ሥራ ሆነ። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው በ50ዎቹ መጀመሪያ ሚቸል ኮትስ ከመንግሥት ጋር በሽርክና የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማኅበርን አቋቁሞ በዱብቲና በዲት ባሕሪ ጥጥ ማልማት ያዘ። ሱልጣኑና የአውሳ ባላባቶችም በበኩላቸው ወደ ጥጡ ገቡ።

መሬትና ውኃ ተገኘ፤ እጅስ? አፋሩ ከብቱን ትቶ ጎንበስ ብሎ የሰው ጥጥ ሊለቅም አልፈለገም፤ ለምንስ ይፈልግ? የለመደውን የበጋ ግጦሽ ወስደውበት ሲያበቁ እዚያው መሬት ላይ የቀን ሠራተኛ ሁን ማለት ቀልድ ይመስላል። ስለዚህ ለቃሚው ከደጋ መምጣት ነበረበት። ወደ ታችኛው አዋሽ ይወርድ የነበረው አብዛኛው ሰው የወሎና የትግራይ ገበሬ ነበር። ወደ ላይኛውና ወደ መካከለኛው ሸለቆ እርሻዎች ደግሞ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከጉራጌ ይመጣ ነበር።

የወሎው መንገድ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው የአሰብ መንገድ ነው። ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ግመልና እህል፣ ጨውና ጨርቅ ይዞ የሚገናኝባት ቦታ ነች። ከባቲ በታች አየሩ ይለወጣል። ጋቢ ከትከሻ ይወርዳል፣ ሣሩ ይሳሳል፣ ግራሩ ያጥራል። የደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቆላን የሚፈራው በከንቱ አልነበረም፤ ንዳድ የሚባለውን ትኩሳት ያውቀዋል። ቆላ ወርዶ ማደርን የሚከለክል ምክር በየቤቱ አለ። ያን ምክር ጥሶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ቁልቁል የሚወርድ ገበሬ ምን ያህል ቢቸግረው ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ በከፊል በወሩ ውስጥ አለ። የጥጥ ለቀማ ከጥቅምትና ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር፣ አንዳንዴም እስከ የካቲት ይዘልቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ በደጋ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው። በኅዳር ነዶ የሚከምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቆላ አይወርድም፤ የሚወርደው የሚከምረው ያነሰው ወይም ጨርሶ የሌለው ነው። መሬት የሌለው፣ ለባለ ርስቱ ከፍሎ የተረፈው ለልጆቹ የማይበቃ፣ ዝናብ የከዳው። ከነዚህም ውስጥ አንዳንዱ ብቻውን ወርዶ ገንዘቡን ቋጥሮ ይመለሳል። ቤት ጥሎ የሚሄድለት ሰው የሌለው፣ ወይም እቤት የሚቀረው አፍ የሚበላው ያጣ እንደ ሆነ ግን ቤተ ሰቡን ይዞ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለተማሪዎች የሚገባን ነገር አለ። የአገራችን ትምህርት ቤት በመስከረም ይከፈታል። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ለቀማ የወረደ ልጅ ፊደሉን ሳይጨርስ ሄዶ፣ ሲመለስ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና አልፎ ያገኘዋል። አስተማሪው ስሙን ከመዝገብ ቢሰርዘው አይፈረድበትም። በሚቀጥለው መስከረም ልጁ ያው አንደኛ ክፍል ነው፤ በጥቅምት ደግሞ ያው ቆላ። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከሆነ በኋላ ከትንንሾቹ ጋር መቀመጡ ያሳፍረውና ይቀራል። ማንም ትምህርት አልከለከለውም፤ የከለከለው የሁለት የዘመን አቆጣጠሮች ግጭት ነው፣ የሰሌዳና የጥጥ።

ወደ ማሳው እንግባ። ለቃሚውን ከእርሻው ጋር የሚያገናኘው ካቦ ነው። ካቦው ሰዎቹን ይሰበስባል፣ ያመጣል፣ ይቆጣጠራል፣ ከእርሻው ጋር የሚነጋገረውም እርሱ ነው። ክፍያው በተለቀመው ጥጥ ክብደት ነው እንጂ በቀን አይደለም። ለቃሚው ጨርቁን ወገቡ ላይ አሥሮ ወይም ጆንያውን እየጎተተ በረድፉ መሐል ይሄዳል፤ የደረቀው የጥጥ ፍሬ ቅርፊት ጫፉ እንደ እሾኽ ነውና ጣቱን ይወጋዋል። ሲመሽ ጥጡን ተሸክሞ ወደ ሚዛን ይሄዳል፤ ኪሎው ይነበባል፣ ባንድ ስም ይጻፋል። ያ ስም የአባት ነው፤ አባት ከሌለ የእናት ወይም የታላቅ ወንድም።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሚዛን ዕድሜ አይጠይቅም። በጆንያው ውስጥ ካለው ሠላሳ ወይም አርባ ኪሎ ስንቱን አባት፣ ስንቱን እናት፣ ስንቱን ልጅ እንደ ለቀመው ከጥጡ አይታወቅም። በቀን ሒሳብ ቢከፈል ኖሮ አሠሪው ልጁን አይቶ "ይህማ ሕፃን ነው፣ የሙሉ ሰው አልከፍልም" ማለቱ አይቀርም ነበር፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ልጁ ይታያል። በኪሎ ሲከፈል ግን አሠሪው ልጅ አልቀጠረም፤ የቀጠረው አባትን ነው። አባትም ልጁን አልቀጠረም፤ ልጁ አባቱን አገዘ። በዚህ መሐል የሠራ ልጅ አለ፣ ያሠራ ሰው ግን የለም! በመዝገብ ላይ የምናገኘው ጎበዝ ለቃሚና ደካማ ለቃሚ ነው፤ "ጎበዙ" ለቃሚ ምናልባት አምስት ልጅ ያለው ሰው ነው።

"አገዘ" የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ከመካከላችን የአንዳችን እናት በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በዘጠኝ ዓመቷ ከቤተ ሰቧ ጋር ወርዳ፣ በአዋሽ ሸለቆ ካሉት እርሻዎች በአንዱ ሁለት ወቅት ለቅማለች። ይህን ጽሑፍ ስናስብ ጠየቅናት። ሠርቻለሁ አትልም፤ አባቴን አግዣለሁ ነው የምትለው። ስንት ትለቅሚ ነበር ስንላት ግራ ገባት፤ የእርሷ ብቻ የሆነ ጥጥ ተመዝኖ አያውቅማ። የታችኛውን ፍሬ ልጆች፣ የላዩን ትልልቆች ይለቅሙ እንደ ነበር፣ ወገቧ ስለማይታጠፍ ሳይሆን አጭር ስለ ነበረች መጎንበስ እንደማያስፈልጋት ነገረችን። ይህን እንደ ዕድል ነው የምታወራው። እስከ ዛሬ አንድ ነገር በእጇ አንሥታ ኪሎውን ስትገምት አትስትም፤ ነጋዴዎች ይፈሯታል።

"ልጅ ሥራ ቢሠራ ምን አለበት፣ ሁላችንም ከብት ጠብቀን ያደግን ነን" የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የገበሬ ልጅ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ጥጃና ጠቦት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ወፍ ይከላከላል፤ የአርብቶ አደሩም ልጅ እንዲሁ። ይህን ሁሉ ግፍ ነው የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። ነገር ግን ልዩነት አለው። ጥጃ የጠበቀ ልጅ ጥጃይቱ ላም ስትሆን ያያል፤ ወተቷንም ይጠጣል። እርሻ ያየ ልጅ ማረስ ይማራል፤ ቢቀናው የአባቱን መሬት ይይዛል። በጥጥ ማሳ ያለቀ ልጅነት ግን ምን ያስተምራል? ጥጥ መልቀምን ብቻ። ማሳው የአባቱ አይደለም፣ ጥጡ የአባቱ አይደለም፣ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ እንኳን የአባቱ አይደለም። እገዛ የሚለው የደጋው ቃል ከሰዎቹ ጋር ወደ ቆላ ወረደ፤ እገዛውን ትርጉም የሰጠው መሬት ግን ደጋ ቀረ። እርሻው ያተረፈው በዚህ ቃል ጭምር ነው ብንል ማጋነን አይመስለንም።

መኖሪያው ሌላ ነገር ነው። ቋሚ ሠራተኛ ካምፕ ቢያገኝም ለወቅቱ የሚመጣው ለቃሚ ከቅርንጫፍና ከሣር፣ ከጆንያና ከካርቶን ያቆመው ዳስ ውስጥ ነው የሚያድረው። ውኃው ከመስኖው ቦይ ነው። ከዚያው ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ልጆቹ ይዋኛሉ፤ ያን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ልጅን ከቦይ ውኃ አውጡ ማለት ከንቱ ድካም መሆኑ ግልጽ ነው። ጥጥ ደግሞ ተባይ የሚወደው ሰብል በመሆኑ መድኃኒት አብዝቶ የሚረጭበት ነው፤ በትልልቆቹ እርሻዎች በአውሮፕላን ጭምር ይረጭ ነበር። የተረጨው ቅጠሉ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ቦይም ይገባል። በአገራችን የእርሻ አካባቢዎች የፀረ ተባይ ባዶ ዕቃ ታጥቦ ለመጠጥ ውኃ መያዣ መሆኑም የተለመደ ነው። ማጠብ ይበቃል ብሎ ያሰበችውን እናት ማን ነግሯት ታውቃለች?

ወባን ሳናነሣ አናልፍም። በ1950 እና በ51 ዓ.ም. በደጋማውና በወይና ደጋው ክፍል የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይነገራል፤ የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚያ በኋላ ነው። የቆላው ተወላጅ ከልጅነቱ እየተነደፈ፣ ከተረፈ፣ ሰውነቱ በከፊል ይለምደዋል። የደጋ ልጅ ግን ምንም መከላከያ ሳይኖረው ነው ከወባ ትንኝ ፊት የሚቆመው። መስኖ ደግሞ ውኃ በበጋም እንዲቆም ያደርጋልና ትንኟ የምትራባበት ወቅት ይረዝማል። በላይኛው አዋሽ በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ መስኖ ቢልሃርዚያን ይዞ መጣ፤ ቦይ ውስጥ የሚውሉት ልጆች ናቸውና ከሁሉ በፊት የታመሙት እነርሱ ናቸው። (የአገራችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 አካባቢ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በዓድዋ ደርሶበት ነበር። እንዶድ በየሴቱ ጓሮ ያለ ሳሙና ነው። ግኝቱ ዓለም አቀፍ ተቋማትን አሳምኖ ሥራ ላይ ለመዋል ስንት ዓመት እንደ ፈጀበት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

የታመመ ልጅ ለቀማውን ያስቀራል፤ አንዲት ሴት አጠገቡ ትቀመጣለችና ኪሎ ይቀንሳል። ስለዚህ የታመመውን የምትጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ ጥቂት የምትበልጥ እኅቱ ነች። የስምንት ዓመት ልጅ ሕፃን አዝላ፣ የታመመ ወንድሟን ውኃ እያጠጣች፣ ቂጣ ጋግራ ትጠብቃለች። የእርሷ ሥራ በማንም ሚዛን ላይ አይወጣም፤ በአባቷም ስም እንኳን አይጻፍም።

በ1965 እና በ66 የደረሰውን ረኀብ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ግቢ አሳዩ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በለንደን ታየ። የዚያ ዘመን ተማሪዎች በነዚህ ሥዕሎች ተነሣሥተው ያደረጉት አይዘነጋም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እናስተውል። የተራበ ልጅ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የሚሠራ ልጅ አይነሣም። መጠለያ ደርሶ መንገድ ዳር የተቀመጠው ልጅ የዓለምን ኅሊና ቀሰቀሰ። መጠለያ ላለመግባት ብሎ ቤተ ሰቡ ወደ ጥጥ ይዞት የወረደው ወንድሙ ግን ራሱን ስላዳነ የማንም ጉዳይ አልሆነም።

የአፋሩም ልጅ አለ። ስለ እርሱ ሳይነገር የዱብቲን ልጅነት መጻፍ ግማሽ ውሸት ነው። ያ ረኀብ ከሁሉ አስቀድሞና ከሁሉ አብልጦ ከመታቸው መካከል የአፋር አርብቶ አደሮች ነበሩ። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድህነትና ረኀብን በሚመለከተው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ አፋሩን የጎዳው የዝናብ መቅረት ብቻ አልነበረም፤ በድርቅ ጊዜ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ለጥጥና ለሸንኮራ መዋሉም ጭምር ነው። የበጋ ግጦሽ ጥቂት መሬት ትመስላለች፤ ነገር ግን እርሷ ስትቆረጥ በስተ ጀርባዋ ያለው ሰፊ በረሃ ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ በክረምት የጋጠው ከብት በበጋ የሚያልፍበት የለውምና። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር እናያለን። ከቦዩ ወዲህ የደጋው ልጅ የራሱ ያልሆነውን ጥጥ ይለቅማል። ከቦዩ ወዲያ የአፋሩ ልጅ የአባቶቹ የነበረውን ሣር እያየ ፍየሎቹን ያስርባል፤ አንዷ ፍየል ወደ ማሳው ከገባች ደግሞ ጠብ ነው። ሁለቱ ልጆች በቋንቋ አይግባቡም፣ እያንዳንዱም ሌላውን የጠላት ልጅ አድርጎ ያየዋል። የጠቡን ምክንያት ግን ሁለቱም አልፈጠሩትም።

በየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ። ሰፋፊ እርሻዎችም ወደ መንግሥት እጅ ገቡ፤ ተንዳሆም እንዲሁ። አዋጁ ለዘላኖች የግጦሽ መብት የሚል ክፍል ነበረው፤ የወንዙ ዳር ማሳ ግን ያው ማሳ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት በክረምቱ መግቢያ ሱልጣን ዓሊ ሚራሕ አገር ጥለው ወጡ፤ በዱብቲና በአካባቢዋም ደም ፈሰሰ። ከደጋ የመጣው ሠራተኛም፣ የአካባቢው አፋርም አለቀ። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተጽፏል። እኛን የሚያሳስበን እነዚያ ዳሶች ውስጥ የነበሩት ልጆች ናቸው፤ ከደጋ የወረዱት ለማን ሥልጣን ብለው ነበር? ማሳው አጠገብ ባለው የአፋር ሰፈር ያሉትስ?

ከአዋጁ በኋላ የሆነው ነገር ከማንኛውም ክርክር ይልቅ አስተማሪ ሆኖ አግኝተነዋል። የመንግሥት እርሻዎቹ የለቃሚ እጥረት ገጠማቸው። ገበሬው መሬት ሲያገኝ፣ ለባለ ርስት የሚከፍለው ሲቀርለት፣ ቆላ መውረዱን ቀነሰ። እንግዲህ "እነዚህ ሰዎች መንከራተት ልማዳቸው ነው"፣ "ልጆቻቸውን የሚያሠሩት ገንዘብ ወድደው ነው" የሚሉ ሁሉ ይህን ያስረዱን። ልማድ ባንድ አዋጅ አይቀርም። በ1957 የካቲት "መሬት ላራሹ" ብለው የወጡት ተማሪዎች ስለ ሕፃናት የጉልበት ሥራ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ነገር ግን በዚያ መፈክር ምክንያት ቆላ ሳይወርድ የቀረ ልጅ ከቶ ጥቂት አይሆንም። በአንጻሩ መፈክሩ "ላራሹ" ነው የሚለው፤ አራሽ ያልሆነውን የአፋር ልጅ አላሰበውም።

እፎይታው አልዘለቀም። መሬቱ በየጊዜው እየተሸነሸነ አነሰ፣ 1977 መጣ፣ ጦርነቱ በረታ። መንገዱም እንደገና ሞላ። ባለቤቱ ኩባንያ መሆኑ ቀርቶ መንግሥት ሆነ፤ ሚዛኑ ግን ያው ሚዛን፣ ካቦውም ያው ካቦ።

ሕጉስ ምን ይላል? ወሎ በረኀብ በምታልቅበት በሰኔ 1965 በጄኔቭ የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ ስምምነት ቁጥር 138ን አጸደቀ። ስምምነቱ ላላደጉ አገሮች በአንዳንድ መስኮች ጊዜ ይሰጣል፤ ለገበያ የሚያመርቱ ሰፋፊ እርሻዎች ግን ከሕጉ አያመልጡም ይላል፤ የቤተ ሰብ አነስተኛ እርሻን ብቻ ይተዋል። መልካም። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ የሕፃናት መብት ስምምነትን ደግሞ በ1983። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/85 ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ከለከለ፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜውን ወደ 15 ከፍ አደረገው። አዋጆቹ የሚናገሩት ስለ መቅጠር ነው። የእኛን ልጅ ግን ማንም አልቀጠረውም! ማሳው የኩባንያ ወይም የመንግሥት ነው፣ ሥራው ግን "የቤተ ሰብ" ነው። ልጁ በሁለቱ መሐል ባለችው ቀዳዳ ይወድቃል።

ቀዳዳዋ የእኛ አገር ብቻ አይደለችም። ባለጠጋዪቱ አሜሪካ በ1938 እ.ኤ.አ. የሕፃናትን ሥራ በፋብሪካ ስትከለክል እርሻን ለይታ ተወችው፤ ዛሬም በወላጅ ፈቃድ የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሰው እርሻ ሊሠራ ይችላል። በ1960 እ.ኤ.አ. ኅዳር፣ ተንዳሆ ሥራ በሚጀምርበት ሰሞን፣ ኤድዋርድ መሮ የተባለው ጋዜጠኛ እየተዘዋወሩ የሚለቅሙ ቤተ ሰቦችን ኑሮ በቴሌቪዥን አሳይቶ አሜሪካኖችን አሳፍሮ ነበር። አፍረው ሲያበቁ ግን ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመትም ለቀሙ።

ስለ መዝገብ ካነሣን ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም። ከዱብቲ ብዙ በማይርቀው በሐዳር ድንቅነሽ የተገኘችው በኅዳር 1967 ነበር፤ ጥጥ በሚለቀምበት ወር። ከሐዳር ማዶ በዲቂቃ ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ሰላም የተባለችውን ሕፃን አገኘ። 3 ዓመት ገደማ ሆኗት የሞተች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የኖረ አፅም። ለሳይንስ ትልቅ ክብር ነው፣ እኛም እንኮራለን። ግን ተመልከቱ፤ በታችኛው አዋሽ ዕድሜዋ፣ ጾታዋ፣ የሞተችበት ቦታ ተለይቶ የተጻፈላት ሕፃን እርሷ ነች። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በወባ ሞተው በማሳው ጥግ የተቀበሩት ልጆች ስም የት ነው ያለው?

ዛሬ ዱብቲ ላይ የድሮውን የጥጥ ማሳ የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የተንዳሆ ግድብና የስኳር ፕሮጀክት መጣ፤ ፋብሪካው በ2007 ማምረት ጀመረ፣ ከዚያም ችግር አልተለየውም። ሸንኮራ በገጀራ የሚቆረጥ የጎልማሳ ሥራ ነው፤ የልጅ ጣት አይፈልግም። ጥጡ በነበረበት ሰሞን የተተከሉ ሰፈሮች ግን አሉ። በነሐሴ 2012 አዋሽ ሞልቶ ዱብቲን፣ አሳይታንና አፋምቦን ሲያጥለቀልቅ ከቤታቸው ከወጡት መካከል በዚያ ዘመን ወርደው ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይኖራሉ። አማርኛውንም አፋርኛውንም የሚናገሩ፣ አገርህ የት ነው ሲባሉ ቶሎ የማይመልሱ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰባት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ስድሳውን አልፏል። በዱብቲ፣ በሎግያ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ በየቡና ቤቱና በየገበያው ይገኛል። የታሪክ ክፍል ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣሁ እያለ በቤተ መጻሕፍት ሲዞር፣ እነዚህ ሰዎች ሳይጠየቁ እየሞቱ ነው። ሄደን ብንጠይቃቸው ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ጆንያው ወይስ አንተ ትበልጡ ነበር? ኪሎውን የሚያነበው ማን ነበር፣ እናንተስ ቁጥሩን ማንበብ ትችሉ ነበር ወይስ እንደ ነገሯችሁ አመናችሁ? ከቦዩ ማዶ ካለው ልጅ ጋር ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? ስንት ሆናችሁ ወረዳችሁ፣ ስንት ሆናችሁ ተመለሳችሁ?